ጆን ፎን ኖይማን

ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1903 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ የባንክ ባለሙያ ነበር። ኖይማን ከልጅነቱ ጀምሮ ረጃጅም ቁጥሮችን በቃሉ በማስላትና አንድ ጊዜ ያነበበውን ባለመርሳት የሚያውቁትን ሁሉ ያስደንቅ ነበር። ዝንባሌው ወደ ሒሳብ ቢሆንም አባቱ የተሻለ ገቢ የሚያስገኝ ሙያ እንዲይዝ ስለፈለገ የኬሚካል ምህንድስና እንዲያጠና መከረው። ልጁም የአባቱን ፈቃድ ሳይጥስ፣ የራሱንም ምኞት ሳይተው ሁለቱን ትምህርቶች ጎን ለጎን ተከታተለ። በዙሪክ በምህንድስና ሲመረቅ፣ በ1926 ደግሞ ከቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ።

በ1930 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፕሪንስተን ማስተማር ጀመረ፤ በ1937ም የአሜሪካን ዜግነት አገኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1943 ጀምሮ፣ በሎስ አላሞስ የአቶሚክ ቦምብ ሥራ ላይ በአማካሪነት ተሰለፈ። ሥራው የሚጠይቀው ስሌት ከሰው አቅም በላይ ነበር። በ1944 ክረምት በአበርዲን የባቡር ጣቢያ ኸርማን ጎልድስታይን ከተባለ መኮንን ጋር ሲጨዋወት፣ በፊላደልፊያ ኤሌክትሮናዊ የስሌት መኪና በመሠራት ላይ መሆኑን ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ከዚህ መኪና አልተለየም።

ኤኒያክ የተባለው ይህ መኪና 18,000 ያህል የቫኪዩም ቱቦዎች ነበሩት። ስሌቱ ፈጣን ቢሆንም የማስታወሻ ክፍሉ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 20 ቁጥሮችን ብቻ ነበር። ለአዲስ ሥራ ለማዘጋጀትም ሽቦዎቹን በእጅ እየነቀሉ መሰካት ቀናትን ይፈጅ ነበር። ኖይማን በ1945 ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ ትእዛዞችም እንደ ቁጥሮች ሁሉ በማስታወሻው ውስጥ እንዲቀመጡ የሚያደርገውን ዘዴ አብራራ። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በእሱ ስም ብቻ በመሰራጨቱ፣ የኤኒያክ ሠሪዎች ኤከርትና ሞክሊ ድርሻችን ተሸፈነ ሲሉ ቅር ተሰኙ።

የማስታወሻው ችግር ግን ገና አልተፈታም ነበር። ፈጣን ማስታወሻ ውድ ስለሆነ ትንሽ ነው፤ ሰፊው ደግሞ ዘገምተኛ ነው። ስለዚህ የስሌቱ ክፍል ምንም ያህል ቢፈጥን ቁጥር እስኪመጣለት ድረስ ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ኖይማን ከጎልድስታይንና ከበርክስ ጋር በ1946 ባወጣው ጥናት፣ ማስታወሻው በደረጃ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። ባለሙያ ሴት እህሉን በጎተራ አኑራ፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃውን ዱቄት በጓዳ፣ ጨውና በርበሬውን ከምድጃው አጠገብ እንደምታስቀምጥ ማለት ነው። በ1952 በፕሪንስተን የተመረቀው መኪናውም 1,024 ቃላትን በ40 የካቶድ ጨረር ቱቦዎች ይይዝ ነበር።

በ1955 ኖይማን በካንሰር መታመሙ ታወቀ። በማስታወስ ችሎታው የተደነቀው ይህ ሰው፣ በመጨረሻ አእምሮው እየደከመ መሄዱን ለማየት ተገደደ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1957፣ በ53 ዓመቱ፣ በዋሽንግተን ሞተ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1965 እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ ከዋናው ማስታወሻ ፊት የሚቆም ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ። በ1968 አይ.ቢ.ኤም. ይህ ክፍል ያለውን ሞዴል 85 ኮምፒዩተር ይፋ አደረገ፤ ክፍሉም ካሽ ተባለ። የስሌቱ ክፍል አንድ ቁጥር ሲፈልግ በመጀመሪያ ካሹን ይጠይቃል። ካገኘ ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል፤ ካላገኘ ግን ቁጥሩ ከዋናው ማስታወሻ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር፣ ወደ ካሹ ይመጣል። ይህም የሆነበት ምክንያት አሁን የተፈለገው ነገር ብዙም ሳይቆይ እንደገና መፈለጉ፣ በአጠገቡ ያለውም ተከትሎ መፈለጉ የተለመደ በመሆኑ ነው። ዛሬ በርካታ ኮምፒዩተሮች ሁለትና ሦስት ደረጃ ካሽ አላቸው። የቅርቡን በቅርብ፣ የሩቁን በሩቅ የማስቀመጥ ጥበብ ኖይማን ካለፈ በኋላም በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል።