ዕድልን በቪዲዮ ዴክ ያጠናው ሰው

ዕድል ይጠናል እንዴ? ሒሳብ ይጠናል፣ ታሪክ ይጠናል፣ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄም ይጠናል። ዕድልን ግን ቁጭ ብሎ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ እንደ ማትሪክ ተፈታኝ ያጠና አንድ አሜሪካዊ ነበር። አጥንቶም አለፈ። ከፈተናው በኋላ የገጠመው ኑሮ ግን በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም። ማይክል ላርሰን ይባላል፤ ዛሬ የሱን ነገር ላውጋችሁ።

ቀዳዳ ፈላጊው

ላርሰን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1949 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ሌባነን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስሟ ያው ሊባኖስ ማለት ነው፤ እህቶቻችን ለሥራ ከሚሄዱባት ሊባኖስ ጋር ግን ከስም በቀር የሚያገናኛት የለም። ገና ተማሪ ሳለ ቸኮሌት ደብቆ ክፍል ይገባና ለጓደኞቹ አትርፎ ይሸጥ ነበር። በዚህስ ማን ይፈርድበታል? እኛም ዘንድ ማስቲካ እየቸረቸረ የተማረ ስንት አለ።

ችግሩ ካደገም በኋላ አልተወውም። አንድ ባንክ አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው 500 ዶላር ጉርሻ እሰጣለሁ ሲል፣ እሱ በተለያየ ስም እየከፈተ፣ ጉርሻውን እያነሳ ይዘጋ ነበር። በቤተሰብ ስም የይስሙላ ድርጅት አቋቁሞ፣ ራሱን ቀጥሮ፣ ከዚያ ራሱን አባሮ፣ ለሥራ አጥ የሚሰጠውን ድጎማ የተቀበለበት ጊዜም አለ። ሰነፍ ነው እንዳትሉ፤ ለዚህ ሁሉ የሚያወጣው ጉልበት ለሁለት ሰው ሥራ ይበቃል። ደመወዝ በሚባል ነገር ብቻ አያምንም።

ሙቀት ሲመጣ አይስክሬም በመኪና እያዞረ ይሸጣል፤ ኤር ኮንዲሽነርም ይጠግናል። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ቴሌቪዥን ፊት ነው። ያውም በአንድ ቴሌቪዥን አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ብዙ ቴሌቪዥኖች ደርድሮ የተለያዩ ጣቢያዎችን በአንዴ ነበር የሚያየው። የሚፈልገው መዝናኛ አልነበረም፤ ቀዳዳ ነበር። ሕግ ያወጣው ሰው ሳያየው ያለፈ ቀዳዳ።

ግማሹ ጥያቄ፣ ግማሹ ቁማር

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 ሲቢኤስ የተባለው ጣቢያ ፕረስ ዩር ላክ የሚል የጥያቄና መልስ ጨዋታ ጀመረ። ዕድልህን ግፋበት እንደማለት ነው። ፈጣሪው ቢል ካሩዘርስ ጥያቄና መልስን ከስሎት ማሽን ጋር ነበር ያጋባው። ሕጉን ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሦስት ተወዳዳሪዎች ጥያቄ ይጠየቃሉ። ቀድሞ ቁልፉን ተጭኖ በትክክል የመለሰ ሦስት ዕድል ያገኛል። ከዚያ በኋላ ከቀረቡት ምርጫዎች ትክክለኛውን የመረጠ አንድ ዕድል ያገኛል። እውቀት የሚሰጠው ዕድል ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ያለው ትልቁ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው 18 ካሬዎች አሉት፤ በየካሬው ገንዘብ ወይም ሽልማት ይቀያየራል፤ መብራት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ተወዳዳሪው ቁልፉን ሲጫን መብራቱ ያረፈበት የሱ ነው።

ግን በካሬዎቹ መሀል ዋሚ የሚሏት ቀይ፣ ሰይጣን መሳይ ካርቱን ትመላለሳለች። እሷ ላይ ካረፍክ እስከዚያ የሰበሰብከውን ሙልጭ አድርጋ ትወስዳለች። አራት ጊዜ ካገኘችህ ከጨዋታው ወጣህ። ስለዚህ በየዙሩ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ልቀጥል ወይስ የቀሩኝን ዕድሎች ለተቃዋሚዬ ላሳልፍ? የተላለፈለት ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ ሊጫወታቸው ግድ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ካሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ገንዘብና አንድ ተጨማሪ ዕድል ይሰጣል። ይህችን ያዙልኝ።

አምስቱ መንገዶች

ላርሰን ጨዋታውን በቪዲዮ ዴክ መቅዳት ጀመረ። ከዚያ ካሴቱን እያቆመ፣ እየመለሰ፣ መብራቱ ከየት ወደየት እንደሚዘል አንድ በአንድ ተከታተለ። ከሳምንታት በኋላ ያገኘው ነገር ቀላል ነበር። መብራቱ እንደፈለገ የሚዘል ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚሄድባቸው መንገዶች አምስት ብቻ ናቸው፤ አምስቱም በቃል ይያዛሉ።

በዚያ ላይ ከ18ቱ ካሬዎች ሁለቱ፣ አራተኛውና ስምንተኛው፣ ዋሚ ፈጽሞ አይመጣባቸውም። በሁለተኛው ዙር ደግሞ እነዚሁ ሁለት ካሬዎች ሁልጊዜ ገንዘብና ተጨማሪ ዕድል ነበር የሚሰጡት። ተመልከቱ እንግዲህ፤ አንድ ዕድል ታወጣለህ፣ ገንዘብ ታገኛለህ፣ ያወጣኸው ዕድል ይመለስልሃል። ማለቂያ የለውም። የሕግ አውጪዎቹ ስህተት መብራቱ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ጨዋታው በራሱ ጊዜ የሚያበቃበትን ነጥብ አላስቀመጡም።

ላርሰን ያለችውን ጥሪት አራግፎ ወደ ሎስ አንጀለስ በረረ። መራጮቹ ፊት የቀረበው እንደ ድሃ አባት ነው፤ ሰልባጅ ሸሚዝ የለበሰ፣ ለልጁ የልደት ስጦታ መግዣ ያጣ። ከመራጮቹ አንዱ ጠርጥሮት ነበር። ካሩዘርስ ግን ታሪኩ ስለማረከው ይግባ አለ።

ግንቦት 11 ቀን 1976

ቀኑን በኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ያን ጊዜ የኛ ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ ነበር። በዚያ ቅዳሜ ላርሰን ከአንድ ፓስተርና ከአንዲት የጥርስ ሐኪም ረዳት ጋር ለቀረጻ ተቀመጠ።

አጀማመሩ አያምርም። የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲጫን ዋሚ መጣች። የመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ 2,500 ዶላር ይዞ ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ነበር። በሁለተኛው ዙር ግን ሰባት ዕድል ይዞ ሰሌዳው ፊት ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ምን አለፋችሁ፣ ሰውዬው አላቆም አለ።

ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ እዩት። እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የማየው ገንዘቡን ሳይሆን ፊቱን ነው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ቁልፉን ሲጫኑ ይጮሃሉ፣ ይለምናሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እሱ ዝም ብሎ መብራቱን ይከተላል፣ ይጫናል፤ ተመልካቹ የት እንዳረፈ ሳያጣራ እሱ ማጨብጨብ ይጀምራል። አቅራቢው ፒተር ቶማርከን መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይገረማል፣ በኋላ የሚለው ይጠፋዋል። ከመጋረጃ ጀርባ ያሉት አዘጋጆች ደግሞ የጨዋታው በጀት ዓይናቸው እያየ ሲፈስ ማስቆም አልቻሉም። በራሳቸው ሕግ ታስረዋል።

ከ100 ሺህ ዶላር ካለፈ በኋላ ድካሙ ይታይበታል፤ የቀሩትን ዕድሎች አሳለፈ። ግን ሕጉ ዞሮ ወደሱ መጣ፤ ተቃዋሚው ሦስት ዕድል መልሳ አሳለፈችለትና ሊጫወታቸው ተገደደ። እነሱንም ተረፈ። በጠቅላላው 45 ጊዜ በተከታታይ ዋሚን ሳይነካ 110,237 ዶላር በሚያወጣ ገንዘብና ሽልማት ወጣ። በሽልማቱ ውስጥ የሸራ ጀልባና ሁለት የሽርሽር ጉዞዎች ነበሩበት።

ለጨዋታ ያህል እናስላው። ዋሚ በአማካይ ከስድስት አንዴ ትመጣለች ብንል፣ በዕድል ብቻ 45 ጊዜ እሷን ማምለጥ ከ3,600 ሰው ለአንዱ እንኳ በቅጡ አይደርስም።

ይከፈለው ወይስ ይባረር?

የጣቢያው ሰዎች የመጀመሪያ ሐሳብ ሰውዬው አጭበርብሯል፣ አንከፍልም የሚል ነበር። ካሴቱን እየደጋገሙ አዩ። ማንም መልስ አልነገረውም፣ ማሽኑን አልነካም፣ ከውስጥ ሰው ጋር አልተመሳጠረም። ያደረገው ማየት ብቻ ነው። ማየትን የሚከለክል ሕግ ደግሞ አልጻፉም። ስለዚህ ከፈሉት፤ ጨዋታውንም ለሁለት ከፍለው ሰኔ 1 እና ሰኔ 4 አስተላለፉት።

ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በአሜሪካ በ1950ዎቹ ትዌንቲ ዋን የመሳሰሉ የጥያቄና መልስ ጨዋታዎች ለሚፈልጉት ተወዳዳሪ መልሱን አስቀድመው እየሰጡ ሕዝቡን ሲያታልሉ ተደርሶባቸዋል። ነገሩ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ በ1960 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጥቷል። ያኔ ያጭበረበረው አዘጋጁ ነበር። በላርሰን ጊዜ ግን የተሸነፈው አዘጋጁ ነው፤ ሽንፈቱን ውጦ ከፈለ፣ ከዚያ ሰሌዳውን አስተካከለ። የመብራቱን መንገዶች ቀየሩ፣ በኋላም ወደ 32 አሳደጓቸው። ላርሰን እንደገና ልጫወት ብሎ ቢጠይቅም በሩ ተዘጋ።

ሲሮጡ የታጠቁት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? የላርሰን ገንዘብ መጀመሪያ ግብር ተቆረጠበት። ከቀረው የተወሰነውን ለቤትና መሬት ንግድ ብሎ ሰጠ፤ ንግዱ ከኋለኛው እየወሰደ ለፊተኛው የሚከፍል ማጭበርበሪያ ሆነና በላው።

ከዚያ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የዶላር ኖት ቁጥር በየጊዜው አነባለሁ፣ ቁጥሩ ያለበትን ኖት ላመጣ 30 ሺህ ዶላር እሰጣለሁ አለ። ላርሰን ደግሞ ቀዳዳ አየ። ያለውን ገንዘብ በባለ አንድ ዶላር ኖት እያስወጣ ቤቱ ቆለለው። ከትዳር አጋሩ ጋር ሌት ተቀን ኖት ሲያገላብጡ ከረሙ። የሚፈለገው ቁጥር አልተገኘም። አንድ ምሽት ለገና ግብዣ ወጣ ብለው ሲመለሱ ሌባ ገብቶ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ጠርጎ ወስዶ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። በመጀመሪያው ጨዋታ ያጠናው አምስት መንገድ ነበር፤ አምስት ነገር በቃል ይያዛል። በሁለተኛው ስፍር ቁጥር ከሌለው ኖት መሀል አንዷን መፈለግ ነው። ላርሰን ልዩነቱን አላየም፤ አንዴ ያሸነፈበትን ጭንቅላት ለሁሉም በር ቁልፍ አደረገው።

በኋላ ዋልማርት በተባለው ሱቅ ተቀጥሮ ሠርቷል። አልቆየም፤ ሕገወጥ የሎተሪ ንግድ ውስጥ ገብቶ፣ መርማሪዎች ሲከታተሉት ኦሃዮን ጥሎ ጠፋ። የካቲት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. በፍሎሪዳ አፖፕካ በምትባል ከተማ በጉሮሮ ካንሰር ሞተ። 50 ዓመት አልሞላውም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፊልም ተሠርቶለታል።

እጃጂ ላይ ቢሆንስ?

የምኖረው እጃጂ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ስትሄዱ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፋችሁ ባኮ ሳትደርሱ ታገኙናላችሁ። የላርሰንን ታሪክ በቅርቡ ያነሳሁት ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ነው። ለወላጆች ቀን የጥያቄና መልስ ውድድር እያዘጋጁ፣ በስልክ የሚሽከረከር ዕጣ እንጨምርበት ብለው ሕጉን አብረን ጻፍን። ጥያቄዎቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ነበሩ፤ ክርክሩ ግን ጥያቄው ላይ ሳይሆን ሕጉ ላይ ነበር።

ከላርሰን የወሰድነው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕጣው በቃል የማይያዝ ይሁን፤ የስልኩን ዕጣ የማይወዳደር ሰው ይያዘው፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ከሆነ ሕዝብ ፊት ይደባለቅ። ሁለተኛ፣ ተጨማሪ ዕድል የሚሰጠው በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ይሁን፤ አለዚያ ጨዋታው አያልቅም። ሦስተኛ፣ መጥፎ ዕጣ የወጣበት ነጥቡ ሁሉ አይወሰድ፤ ግማሹ ይበቃል። ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ልጅ በአንዲት ሽክርክሪት ባዶውን ከቀረ ቀጣዩ ዓመት ማን ያነባል? አራተኛ፣ ሕጉ ከጨዋታው በፊት ተጽፎ ይለጠፍ። አንድ ብልጥ ቀዳዳ ካገኘ ዛሬ ሽልማቱን ይውሰድ፣ ቀዳዳው ነገ ይደፈናል። በጨዋታ መሀል ሕግ የሚቀይር አዘጋጅ ከላርሰን የባሰ አጭበርባሪ ነው።

አንዱ ልጅ ታዲያ ስለ ስልክ ውርርድ ጠየቀኝ። ዛሬ በየስልካችን የገባው የቁማር ጨዋታ፣ አውሮፕላኗ ትወጣና ትጠፋለች የሚሉት ዓይነት፣ እሱም መንገድ አለው ይባላል። መንገዱን አውቀናል፣ ፕሪዲክተር እንሸጣለን የሚሉ ሰዎች በቴሌግራም ሞልተዋል። ለእናንተም ለሱ ያልኩትን እላለሁ። የ1976ቱ ሰሌዳ አምስት መንገድ ነበረው። የዛሬው ማሽን በየጊዜው አዲስ ቁጥር ያወጣል፤ ያለፈው ስለሚመጣው ምንም አይነግርህም። ክፍያውም ሲሰላ በረጅሙ ቤቱ እንዲያተርፍ ተደርጎ ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የላርሰንን ታሪክ ከኛ በፊት አጥንተውታል።

ሌላም ነገር አስቡ። ላርሰን አምስቱን መንገድ ሲያገኝ ለማንም አልሸጠም፤ ትኬት ቆርጦ ራሱ ነው የሄደው። መንገዱን በእርግጥ የሚያውቅ ሰው በ200 ብር ለእናንተ ምን አስሸጠው?

ቸር ሰንብቱ።