መርፌና ክር ወደ ወኅኒ ቤት
የኤልሳቤጥ ፍራይ ሕይወት በአጭሩ

ልብስ መግዛት የተሳነው ሰው የተቀደደውን በእራፊ ላይ እራፊ እየደረበ ሲጥፈው፣ ያ ልብስ በአገራችን ድሪቶ ይባላል። ድሪቶ የችግር ምልክት ነው፤ የለበሰውም ሰው ፊት ለመቆም ያፍራል። በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ግን ከልብስ ሰፊና ከጨርቅ ነጋዴ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ በመልክ በመልኩ ለይቶና ገጣጥሞ ያማረ የአልጋ ልብስ መስፋት ከቀድሞ ጀምሮ የቆየ የሴቶች ሙያ ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የተቋቋሙ የሴቶች ማኅበራትም ይህን የመሰለ የአልጋ ልብስ በኅብረት እየሰፉ ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለስደተኞች ሲሰጡ ኖረዋል።

ዛሬ ሕይወቷን የምንተርክላት ኤልሳቤጥ ፍራይ ይህንኑ ሙያ ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ፊት የሄደች ሴት ናት። የተሰፋውን ለችግረኛዋ ከመስጠት አልፋ፣ መርፌውንና እራፊውን በራሷ በችግረኛዋ እጅ አኖረች። ኤልሳቤጥ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ልጅ አልነበረችም። ሆኖም የታረዘን ማልበስና የታሰረን መጎብኘት ከምሕረት ሥራዎች የሚቈጠሩ ስለሆኑ፣ ታሪኳ ለእኛም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልጅነቷና ጥሪዋ

ኤልሳቤጥ ሜይ 21 ቀን 1780 ዓ.ም. በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው በኖሪች ከተማ ተወለደች። አባቷ ጆን ገርኒ ባለጸጋና የባንክ ባለቤት ነበረ። ቤተሰቡም ክዌከር በሚል ስም የሚታወቀው የወዳጆች ማኅበር አባል ነበር። እናቷ በ1792 ዓ.ም. ስታርፍ ኤልሳቤጥ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በወጣትነቷ ጭፈራና ያማረ ልብስ የምትወድ፣ በጸሎት ጉባኤ መቀመጥ የሚሰለቻት ነበረች። በ1798 ዓ.ም. ግን ዊልያም ሳቨሪ የተባለ ከአሜሪካ የመጣ ሰባኪ ሲያስተምር ሰምታ ልቧ ተነካ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢውን የድኾች ልጆች በአባቷ ቤት እየሰበሰበች ማንበብና ቅዱሳት መጻሕፍትን ታስተምር ጀመር።

በ1800 ዓ.ም. ጆሴፍ ፍራይ የተባለውን ነጋዴ አግብታ ወደ ለንደን ሄደች፤ በጊዜውም 11 ልጆች ወለደች። የወዳጆች ማኅበር ሴቶችም እንዲሰብኩ ይፈቅድ ስለነበር፣ በ1811 ዓ.ም. የማኅበሩ ሰባኪ ሆና ታወቀች።

የኒውጌት ወኅኒ ቤት

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ እጅግ ጨካኝ ነበር። ከ200 በላይ የሚሆኑ ጥፋቶች በሞት ያስቀጡ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል አንዳንድ የስርቆት ዓይነቶች ይገኙባቸዋል። በ1813 ዓ.ም. እስጢፋኖስ ግረሌ የተባለ የፈረንሳይ ተወላጅ ሰባኪ በለንደን የሚገኘውን የኒውጌት ወኅኒ ቤት ጎበኘ። በሴቶቹ ክፍል ያየው ነገር አስደንግጦት ወደ ኤልሳቤጥ ዘንድ ሄዶ ነገራት። ሕፃናት ያለ ልብስ፣ ሕሙማን ያለ ምንጣፍ በባዶ ወለል ላይ ተኝተው ነበር። ኤልሳቤጥም ሳትዘገይ ሴቶች ወዳጆቿን ጠርታ ለሕፃናቱ የሚሆን ልብስ አሰፋች፤ ይዛውም ወደ ወኅኒ ቤቱ ገባች። በጥቂት ክፍሎች ውስጥ 300 የሚያህሉ ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር ተጨናንቀው አገኘች። የተፈረደባቸውና ገና ያልተፈረደባቸው አልተለዩም ነበር። በዚያው ክፍል ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ይተኛሉ።

ይህ የመጀመሪያው ጉብኝት መልካም ቢሆንም ሥራውን አልፈጸመውም። ልብሱ ያልቃል፣ ሕፃኑም ያድጋል፤ የእናቲቱ ኑሮ ግን እንደ ነበረ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ኤልሳቤጥ በወሊድ፣ በቤተሰብ ችግርና በአንዲት ትንሽ ልጇ ሞት ምክንያት ወደ ኒውጌት በተደጋጋሚ መሄድ አልተቻላትም። በ1816 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ስትመለስ ግን ሌላ አሳብ ይዛ መጣች። ለእስረኞቹ ልጆች በዚያው በወኅኒ ቤቱ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ለእናቶቻቸው አሳብ አቀረበች፤ እነርሱም በደስታ ተቀበሉ። ከራሳቸው መካከል አንዲት የተማረች እስረኛ መምህርት እንድትሆን መረጡ። ጥቂት ቈይቶ እናቶቹ ራሳቸው ማንበብና መስፋት እንዲማሩ ለመኑ።

በ1817 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና ለኒውጌት ሴት እስረኞች መሻሻል የሚሠራ ማኅበር አቋቋመች። የወኅኒ ቤቱ ሹማምንት አሳቡን ቢያመሰግኑም፣ እነዚህ ሴቶች ሥራ ይሠራሉ ብለው አላመኑም ነበር። ኤልሳቤጥ ግን ሴቶቹን ሰብስባ የመተዳደሪያ ደንቡን በአንድ በአንድ እያነበበች፣ ስለ እያንዳንዱ እጃቸውን አንሥተው እንዲፈርዱ አደረገች። በ12 በ12 ተከፍለው፣ ለየክፍሉ ከመካከላቸው አንዲት አለቃ ተሾመችላቸው። ጠዋት ቅዱሳት መጻሕፍት ይነበቡላቸዋል፤ ከዚያም ወደ መርፌ ሥራቸው ይሄዳሉ። ካልሲ ይሠራሉ፣ ሸሚዝ ይሰፋሉ፣ እራፊም ይገጣጥማሉ። ከሥራቸው ዋጋ ላይ ጥቂት ገንዘብ ስለሚደርሳቸው ሻይና ስኳር የሚገዙበት ትንሽ ሱቅ በዚያው ተከፈተላቸው።

እራፊ መገጣጠም የተመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ብዙውም ከነጋዴዎች በስጦታ ይገኛል። መርፌ ይዛ የማታውቅ ሴት ትንሿን ቁራጭ ብታበላሽ ኪሳራው ቀላል ነው። ሥራው ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ ሥራ ፈትነትንና ጠብን ያርቃል። በመጨረሻም ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ይወጣዋል።

በስደት መርከቦች ላይ

ከእስረኞቹ ብዙዎቹ በባሕር ተሻግረው ወደ አውስትራልያ እንዲጋዙ ይፈረድባቸው ነበር። ሴቶቹ ለዚህ ጉዞ ከወኅኒ ቤት ሲወጡ በብረት ታስረው በክፍት ጋሪ ስለሚወሰዱ ሕዝብ በመንገድ ላይ ይሳለቅባቸዋል። እነርሱም በተስፋ መቍረጥ በዋዜማው ሌሊት ሁከት ያነሡና ያገኙትን ይሰባብሩ ነበር። በ1818 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ሹማምንቱን ለምና ሴቶቹ በተሸፈነ ሠረገላ እንዲሄዱ አስፈቀደች፤ ራሷም እስከ መርከቡ ሸኘቻቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሕይወቷ ዘመን ከመቶ በላይ የእስረኛ መርከቦችን ጎብኝታለች።

ከማኅበሩም ለእያንዳንዷ ተጓዥ አንድ ከረጢት ይሰጣት ጀመር። በውስጡ 100 መርፌ፣ ልዩ ልዩ ቀለም ያለው ክር፣ የጣት መከላከያ፣ መቀስና አንድ ኪሎ የሚጠጋ እራፊ ጨርቅ ይገኝ ነበር። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ሰፍተው የጨረሱትን በመንገድ ላይ ሸጠው፣ ወደ ማያውቁት አገር ሲደርሱ በእጃቸው ጥቂት ገንዘብ ይዘው ለመውረድ ቻሉ።

ከእነዚህ ሥራዎች እስከ ዛሬ የታወቀው አንድ ነው። አፕሪል 5 ቀን 1841 ዓ.ም. ራጃ የተባለች መርከብ 180 ሴት እስረኞችን ጭና በለንደን አጠገብ ካለው ከዉልዊች ተነሣች። በማኅበሩ የተመረጠች ኬዚያ ሄይተር የተባለች ወጣት የሴቶቹ ኃላፊ ሆና አብራ ሄደች። መርከቧ ጁላይ 19 ቀን በታዝማኒያ ደሴት ወደ ምትገኘው ወደ ሆባርት ስትደርስ፣ ሴቶቹ በየአቅጣጫው ከሦስት ሜትር በላይ የሆነ፣ ከ2,815 ቁራጭ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ ሰፍተው ነበር። በመካከሉ ወፎችና አበቦች አሉበት። በዙሪያውም ባለ ብዙ ቀለም እራፊ ረድፍ በረድፍ ተያይዟል። አንዳንዱ ስፌት የሠለጠነች እጅ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጀማሪ እጅ የሠራችው መሆኑ ይታያል። በጠርዙ ላይ ጨርቁንና ክሩን ለሰጧቸው የማኅበሩ ሴቶች ምስጋናቸውን በሐር ክር ጽፈዋል። የየራሳቸውን ስም ግን አላኖሩበትም። ይህ የአልጋ ልብስ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ከቈየ በኋላ በ1987 ዓ.ም. በስኮትላንድ ተገኘ፤ በ1989 ዓ.ም. ወደ አውስትራልያ ተመልሶ በካንቤራ በሚገኘው የአገሪቱ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤት ይጠበቃል።

ፈተናዋ

የኤልሳቤጥ ሕይወት ሁሉ በድል የተሞላ አልነበረም። በ1818 ዓ.ም. በእንግሊዝ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ ወኅኒ ቤቶች መሰከረች። በዚያው ዓመት ግን ሐሰተኛ የገንዘብ ኖት በማዘዋወር ሞት የተፈረደባትን ሐሪየት ስከልተን የተባለች ሴት ለማዳን ብዙ ብትደክምም አልሆነላትም፤ ሴቲቱ ተሰቀለች። ኤልሳቤጥም በዚህ ነገር የአገር ግዛት ሚኒስትሩን አስቀየመች። ልጆቿን ትታ በሰው ጉዳይ ትዞራለች የሚል ወቀሳም ደረሰባት። በ1828 ዓ.ም. የባሏ ባንክ ከሰረ፤ ማኅበራቸውም ባሏን ከአባልነት አስወጣው። በጎዳና ከሚያመሰግኗት ብዙዎቹ ያን ጊዜ ራቋት። እርሷ ግን በወንድሞቿ ርዳታ ሥራዋን ቀጠለች።

ከድካሟ የተገኘው ፍሬ ጥቂት አይደለም። በ1821 ዓ.ም. ሥራው በመላው ብሪታንያ እንዲስፋፋ የሚያስተባብር የሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። በ1823 ዓ.ም. የወጣው የወኅኒ ቤት ሕግ ሴት እስረኞች በሴት ጠባቂዎች እንዲጠበቁ አዘዘ። እስረኞችን ወደ ታዝማኒያ ማጋዝ የቀረው ግን በ1853 ዓ.ም. ስለሆነ እርሷ አላየችውም። ኤልሳቤጥ ፍራይ ኦክቶበር 12 ቀን 1845 ዓ.ም. በራምስጌት ከተማ ዐረፈች። ከ2002 እስከ 2017 ዓ.ም. በእንግሊዝ የአምስት ፓውንድ ገንዘብ ላይ ምስሏ ታትሞ ነበር።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

በየቁምስናችን ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራትና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ ሕይወት አንድ ዋና ነገር ሊማሩ ይችላሉ። ኤልሳቤጥ በ1813 ዓ.ም. ልብስ ሰጠች፤ በ1817 ዓ.ም. ሥራ ሰጠች። የመጀመሪያው አስፈላጊ ነበር፤ የታረዘ ሕፃን ትምህርት እስኪከፈት አይጠብቅምና። ሁለተኛው ግን ተቀባይዋን ሰጪ አደረጋት። ሌባ ተብለው ከአገራቸው የተባረሩ ሴቶች ለባለውለቶቻቸው ስጦታ ለማዘጋጀት በቁ። ርዳታችን ተቀባዩን ዘወትር ተቀባይ አድርጎ የሚያስቀረው ከሆነ፣ ፍቅራችን ገና በመንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የምናነባት ጣቢታ በሞተች ጊዜ፣ በኢዮጴ የነበሩ መበለቶች እርሷ የሰፋችላቸውን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያሳዩ አለቀሱ። ያ ልብስ ስለ ጣቢታ ፍቅር መሰከረ። በካንቤራ የሚገኘው የአልጋ ልብስ ደግሞ ስማቸው ስላልተጻፈው ስለ ራጃ ሴቶች ይመሰክራል። በደላቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፎ ቀርቷል፤ በእጃቸው ሊሠሩት የሚችሉት መልካም ነገር ግን የታየው አንድ ሰው አምኖ መርፌ ስለ ሰጣቸው ነው። እኛም በአካባቢያችን ሰው ሁሉ ተስፋ የቈረጠበትን ወንድማችንንና እኅታችንን በዚህ ዓይን እንድናይ እግዚአብሔር ይርዳን።