ጆን ኤትከን፦ ከብናኝ ቆጠራ እስከ አየር ንብረት ጥያቄ

ደመና እንዲፈጠር የአየሩ መቀዝቀዝ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የውሃው ተን የሚያርፍበት ጥቃቅን ብናኝ ያስፈልገዋል። ይህ ዕውቀት ዛሬ በየመማሪያ መጻሕፍቱ የሚገኝ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሙከራ አጽንቶ በቁጥር ያስደገፈው ግን በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ወንበር ያልነበረው ስኮትላንዳዊ ጆን ኤትከን ነው። ኤትከን በቤቱ ውስጥ የጀመረው ቆጠራ የሰው ልጅ ጭስ በደመና ላይ፣ በደመናም አማካይነት በምድር ሙቀት ላይ ምን ያህል ይሠለጥናል ለሚለው ጥያቄ መሠረት ሆኗል።

ኤትከን እ.ኤ.አ. በ1839 በፎልከርክ ከተማ ተወለደ። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ምህንድስናን ካጠና በኋላ በመርከብ መሐንዲስነት ሊሠማራ ተለማመደ፤ ይሁን እንጂ የጤናው መታወክ ሙያውን ገና በጅምሩ አስተወው። በቤተሰቡ ሀብት መተዳደር ይችል ስለነበር የቀረውን ዘመኑን ለምርምር ሰጠ። መሐንዲስነቱ ግን ከንቱ አልቀረም፦ የሙከራ መሣሪያዎቹን በገዛ ቤቱ በሚገኘው ወርክሾፕ ራሱ ነድፎ በእጁ ይሠራቸው ነበር።

ስሙን ያስጠራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1880 ማብቂያ ላይ ለኤድንበርግ ንጉሣዊ ማኅበር የቀረበው ነው። ኤትከን ሁለት ትልልቅ የመስታወት ዕቃዎች አዘጋጅቶ በአንዱ ተራ የክፍል አየር፣ በሌላው በጥጥ ተጣርቶ ብናኙ የወጣለት አየር ሞላ፤ ከዚያም በሁለቱም ውስጥ እንፋሎት ለቀቀ። ተራው አየር ወዲያውኑ በነጭ ጉም ሲሸፈን የተጣራው እንደ ጠራ ቀረ። በቂ ተን እያለ ጉም ያልታየው ተኑ የሚያርፍበት ቅንጣት ስላጣ ነው። ፈረንሳዊው ፖል ዣን ኩልዬ እ.ኤ.አ. በ1875 ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደርሶ ነበር፤ ኤትከንም ይህን በተረዳ ጊዜ የኩልዬን ቀዳሚነት በጽሑፍ መስክሯል።

ኤትከን ከዚህ በመነሣት የደረሰበት ድምዳሜ ከሙከራው ይበልጥ ሩቅ የሚሄድ ነበር። የብናኙ ቁጥር በበዛ መጠን ያው ውሃ ለብዙ ስለሚከፋፈል ጠብታዎቹ ደቃቅና ቀላል ይሆናሉ፤ ጉሙም ይወፍራል፣ ቶሎም አይወርድም። ብናኙ ሲያንስ ግን ጠብታዎቹ ገዝፈው ይወድቃሉ። ከዚህም በላይ ድኝ ሲቃጠል እጅግ ብዙ የጉም ቅንጣት እንደሚያፈልቅ አረጋገጠ። የድንጋይ ከሰል ድኝ አዘል በመሆኑ፣ ምድጃዎች ጥቁር ጭስ እንዳያወጡ ቢሻሻሉ እንኳ የከተሞቹ ጉም ይነጣ እንደሆነ እንጂ እንደማይቀር አስገነዘበ። በዓይን የሚታየው ጥቀርሻ መወገዱ ብቻ አየሩን ንጹሕ እንደማያደርገው ይህ ቀዳሚ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ቀጣዩ ሥራ በማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታዩትን ቅንጣቶች መቁጠር ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ የሠራው የብናኝ መቁጠሪያ የተመሠረተው ቅንጣቱን ራሱን ከመፈለግ ይልቅ በላዩ ላይ የሚፈጠረውን ጠብታ በመቁጠር ላይ ነው። ጥቂት የናሙና አየር በርጥበት ከተሞላ ብዙ የተጣራ አየር ጋር ይደባለቃል። በፓምፕ ድንገት እንዲሰፋ ሲደረግ ድብልቁ ይቀዘቅዛል፤ በየቅንጣቱም ላይ ጠብታ ይፈጠራል። ጠብታዎቹ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች በተከፋፈለ የብር ገበታ ላይ ሲያርፉ ተመራማሪው በአጉሊ መነጽር ይቆጥራቸዋል፤ ውጤቱንም በድብልቁ መጠን ያባዛል። በዚህ ዘዴ ኤትከን በአንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር የደጅ አየር ውስጥ በዝናብ ጊዜ 32,000፣ በጠራ ቀን 130,000፣ በክፍል ውስጥ ደግሞ 1,860,000 ቅንጣት መኖሩን አስታወቀ።

መሣሪያውን ይዞ ወደ ስዊዘርላንዱ የሪጊ ተራራ፣ ወደ ፓሪሱ የኤፍል ማማና ወደ ስኮትላንዱ የቤን ኔቪስ ተራራ ተጉዟል። በተራሮቹ ላይ ነፋሱ ሰው ከማይኖርበት አቅጣጫ ሲነፍስ ቁጥሩ ወደ ጥቂት መቶዎች ይወርድ ነበር። የአየሩ የድርቀት መጠን እኩል በሆነባቸው ቀናት የብናኙ ቁጥር በዕይታ ርቀት ሲባዛ ውጤቱ ብዙም እንደማይለዋወጥ፣ ርጥበት ሲጨምር ደግሞ ያው ብናኝ ዕይታን ይበልጥ እንደሚጋርድ አስተዋለ።

የኤትከን ሥራ ወሰን ነበረው። ያለ ብናኝ ጠብታ አይፈጠርም የሚለውን አባባል ቻርልስ ዊልሰን ገደብ አበጀለት። እ.ኤ.አ. በ1894 በቤን ኔቪስ አናት ባየው የብርሃንና የደመና ትርኢት የተማረከው ዊልሰን የእነ ኤትከንን ዘዴ አዳብሮ፣ የአየሩ መስፋት በእጅጉ ከበረታ ንጹሕ አየርም ጠብታ እንደሚያበጅ አሳየ። ከዚህ ምርምር የተወለደው የደመና ክፍልም እ.ኤ.አ. በ1927 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። በሌላ በኩል የኤትከን መሣሪያ አየሩን ከተፈጥሮ ደመና ይልቅ እጅግ አብዝቶ ስለሚያቀዘቅዝ፣ በእውነተኛ ደመና ውስጥ ጠብታ የማይሆኑትንም ቅንጣቶች ጭምር ይቆጥር ነበር። ከቅንጣቶች መካከል የትኞቹ ወደ ደመና ጠብታነት እንደሚያድጉ፣ በመጠንና በሚሟሟ ጨው ይዘት ለይቶ ያስረዳው የስዊድናዊው ሂልዲንግ ኮለር ንድፈ ሐሳብ ነው።

ኤትከን እ.ኤ.አ. በ1889 የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆነ፤ በ1917ም የማኅበሩን ንጉሣዊ ሜዳይ ተቀበለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ ዐረፈ። ከ0.1 ማይክሮሜትር ያነሱ ብናኞች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ቅርስ ግን በ1880 ያስተዋለው የብናኝ ብዛትና የጠብታ ድቀት ግንኙነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሾን ቱሚ ይህን ግንኙነት ወደ አየር ንብረት ጥናት አመጣው፦ ውሃው ሳይጨምር ጠብታዎቹ ከበዙና ከደቀቁ ደመናው ይነጣል፣ የፀሐይንም ብርሃን አብዝቶ ወደ ጠፈር ይመልሳል። የኢንዱስትሪ ብናኝ በዚህ መንገድ ከሙቀት አማቂ ጋዞች ተጽዕኖ ከፊሉን ሸፍኖ ቆይቷል፤ አየሩ ሲጸዳ ግን ሽፋኑ ይሳሳል። የዚህ መጠን በትክክል ባለመታወቁ፣ የብናኝና የደመና ግንኙነት በአየር ንብረት ስሌት ውስጥ ከፍተኛ አጠራጣሪነት ካላቸው ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ችግሩም ኤትከን በፎልከርክ የገጠመው ነው፦ ስንት ቅንጣት አለ? ከእነዚህስ ስንቱ ጠብታ ይሆናል?