ሳይስቅ ያሳቀው ሰው፤ የቤላ ሉጎሲ የሕይወት ታሪክ

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ለፊልም ማሳያው ቤት ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነበረ። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ፣ ሥጋ የሌለው ሰው ሲራመድና ሲሮጥ ማየት ለዚያ ዘመን ተመልካች የአስማት ሥራ መስሎ ቢታየው አያስደንቅም። ዛሬ ግን ይህን ስም ስንሰማ የሚመጣብን ፍርሃት ሳይሆን ሣቅ ነው። ፍርሃትና ሣቅ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ለማወቅም ሲኒማ ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በምድጃ ዳር የተነገሩንን የጅብ ተረቶች ማስታወስ ይበቃል። ጅብ ሌሊት ከአጥር ውጭ ሲጮህ ልጅን ወደ እናቱ ጉያ የሚያስገባ አውሬ ነው፤ በተረቱ ውስጥ ግን ከሆዱ በቀር ሌላ የማያውቅ፣ ትንሹም ትልቁም የሚያታልለው ቂል ነው።

በኛም በተማሪዎች ዘንድ ከዚሁ የሚቀራረብ አንድ ልማድ አለ። ይኸውም በጥቂት ገንዘብና በጥድፊያ የተሠሩትን የድሮ አስፈሪ ፊልሞች እየፈለጉ፣ በኅብረት ተሰብስቦ መሣቅ ነው። እኔ በምኖርበት በአብነት ሰፈር ቅዳሜ ማታ አምስት ስድስት ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል እንታጨቃለን፤ ቆሎው ይቀርባል፤ ፊልሙ ከሚያሰማው ድምፅ ይልቅ የኛ ጫጫታ ይበልጣል። የሌሊት ወፏ የተንጠለጠለችበት ገመድ ሲታይ፣ የመቃብሩ ድንጋይ ካርቶን መሆኑ ሲጋለጥ፣ አንዱ ተነሥቶ አስተያየቱን ይወረውራል፤ ሌላው ይመልስለታል። በቁም ነገር ፊልም ፊት ዝም ብሎ መቀመጥ ግዴታ ነው። እዚህ ግን ተመልካቹ የጨዋታው እኩሌታ ነው፤ አዝማሪ ቤት ገብቶ ግጥም የሚሰጥ ሰው ማለት ነው። የነገሩም ጣዕም ይመስለኛል ከዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ከጓደኞቻችን መካከል ፊልሙ በከፋ ቍጥር ጨዋታው ይጣፍጣል የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። መጥፎ ፊልም ሞልቷል፤ አብዛኛውም የሚያሳቅ ሳይሆን የሚያስተኛ ነው። እያሳቀ የሚኖረው ፊልም በውስጡ ቢያንስ አንድ ሰው ሥራውን ከልቡ የያዘበት ነው። ካርቶኑ በዙሪያው እየወደቀ እርሱ ግን በእውነተኛ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዳለ ሆኖ የሚራመድ ሰው መኖር አለበት። ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚበልጠው ቤላ ሉጎሲ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባብያን አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሰውየው የተወለደው በጥቅምት 20 ቀን 1882 ሉጎስ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዪቱ በዚያን ጊዜ በሀንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የሩማንያ ናት። የቤተ ሰቡ ስም ብላሽኮ ነበረ፤ ለአማርኛ ጆሮ ጥሩ ስም አይደለም። «ሉጎሲ» ያለውን ስም በኋላ ከትውልድ ከተማው ወስዶ ራሱ ያወጣው ነው፤ ትርጓሜውም «የሉጎሱ ሰው» እንደ ማለት ነው። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ የነበረ፣ ኋላም በባንክ ሥራ የተሰማራ ጥብቅ ሰው ነበረ። ቤላ ከአራት ልጆች የመጨረሻው ሲሆን፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ትቶ ከቤት ወጣ። ጥቂት ዓመታት በጉልበት ሥራ ካሳለፈ በኋላ በየአውራጃው እየዞሩ ቲያትር ከሚያሳዩ ጓዶች ጋር ተቀላቀለ። በ1913 ወደ ቡዳፔስት ብሔራዊ ቲያትር ገባ፤ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ትንሽ ክፍል ነበረ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በኦስትሪያና ሀንጋሪ ጦር ውስጥ የእግረኛ መኰንን ሆኖ ዘመተ፤ ቆሰለም። ከጦር ሜዳ በተመለሰበት በ1916 ደብረጼን በተባለች ከተማ በሕማማት ቲያትር ኢየሱስ ክርስቶስን ሆኖ ተጫውቷል። ረጅም ጢምና ጠጕር አድርጎ የተነሣው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለ፤ ኋላ ዓለም ሁሉ በደም መጣጭነት የሚያውቀው ሰው መሆኑን ለማመን ይቸግራል።

በ1919 በሀንጋሪ የቤላ ኩን አብዮት በተነሣ ጊዜ ሉጎሲ ተዋንያንን በማኅበር ለማደራጀት ከተነሡት አንዱ ነበረ። አብዮቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲወድቅ የማኅበር ሰው መሆኑ አስጊ ሆነበትና ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ በርሊን ሸሸ። በጀርመን ጥቂት ፊልሞች ከሠራ በኋላ በ1920 መጨረሻ በጭነት መርከብ ሠራተኛነት ተቀጥሮ አሜሪካን አገር፣ ኒው ኦርሊንስ ደረሰ። ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ወጣ። የዚህ ማኅበር መጽሔት አንባቢዎች ይህን ነገር ልብ ሊሉት ይገባል፤ ሰውየው ከአገሩ የወጣው ስለ ፊልም ፍቅር ሳይሆን ስለ ሥራ ባልደረቦቹ ጥቅም በመቆሙ ነው።

አሜሪካን ሲደርስ ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ እንግሊዝኛው ግን ከምንም የማይቈጠር ነበረ። በ1922 በእንግሊዝኛ ቲያትር ሲሠራ ቃሉን የሸመደደው ትርጕሙን እያወቀ ሳይሆን ድምፁን ብቻ እየያዘ ነው። ግእዝ ሳያውቁ ዳዊት ደግመው ላደጉ የአገራችን ልጆች ይህ ዐይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለም፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ፣ በባዕድ ሕዝብ ፊት፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድንጋይ እያነሡ ማስቀመጥ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ መገመት ነው። እንግሊዝኛን ኋላ በደንብ ቢለምድም ያ ቀስ ያለ፣ ቃልን ከቃል የሚያራርቅ አነጋገር እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም።

ዕድሉን የከፈተለትም፣ የዘጋበትም ይኸው አነጋገር ነው። በ1927 በኒው ዮርክ ብሮድዌይ ከብራም ስቶከር ልብ ወለድ የተወጣጣው «ድራኩላ» የተባለ ቲያትር ሲቀርብ፣ ዋናው ሰው እርሱ ሆነ። ድራኩላ በቀን በሬሳ ሣጥን ተኝቶ ሌሊት የሰው ደም የሚመጥ መስፍን ነው። ከቀድሞ ዘመን ተዋንያን አንዱ ቢሆን ኖሮ ጥርሱን አውጥቶ፣ ጥፍሩን አርዝሞ ሊያስፈራ ይሞክር ነበር። ሉጎሲ ግን የእራት ልብስ ለብሶ፣ ጠጕሩን በቅባት አበጥሮ፣ ካባውን አጣፍቶ፣ እንደ ጨዋ ሰው እጅ እየነሣ ገባ። አነጋገሩም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከመቃብር የመጣ መሰለ። ቲያትሩ 261 ጊዜ ታየ። ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ ታሪኩን ወደ ሲኒማ ሲያዞረው፣ ቶድ ብራውኒንግ አዘጋጅቶት በየካቲት 1931 ወጣ። ሉጎሲ ለሰባት ሳምንት ሥራ በሳምንት 500 ዶላር ተከፈለው፤ በጠቅላላው 3,500 ዶላር መሆኑ ነው። ፊልሙ ለኩባንያው ያገባው ትርፍ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በዚያው ዓመት ኩባንያው «ፍራንከንስታይን» የተባለውን ፊልም ሲያዘጋጅ የጭራቁ ክፍል መጀመሪያ የታሰበው ለሉጎሲ ነበረ፤ ሳይሆን ቀርቶ ለቦሪስ ካርሎፍ ተሰጠ። ካርሎፍ በዚያች አንዲት ፊልም ስሙ ገነነ፤ ከዚያም ወዲያ ሁለቱ አብረው በተሠለፉባቸው ፊልሞች ላይ የእርሱ ስም በላይ፣ የሉጎሲ ስም በታች ይጻፍ ጀመር። «ነጩ ዞምቢ» በ1932፣ «ጥቁሩ ድመት» በ1934፣ «ቁራው» በ1935 ወጡ። ስለ እነዚህ ፊልሞች ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ የማልፈው ወደ ዋናው ነገር ለመድረስ ነው።

አስፈሪ ፊልሞች በብሪታንያ ክልከላ ሲበዛባቸው በ1936 የአሜሪካ ኩባንያዎች መሥራቱን አቆሙ። ሉጎሲ ሥራ አጣ፤ ቤቱንም አጣ። ለሌላ ክፍል ቢያመለክት ያ ከመቃብር የመጣ የመሰለው አነጋገር ለፍቅር ታሪክም፣ ለጠበቃም፣ ለሐኪምም አይሆንም ይሉት ነበር። እኛም በየዶርሙ ከክፍለ ሀገር የመጣውን አዲስ ተማሪ በአነጋገሩ ስንቀልድ፣ አንዱን ቃል እያስደገምን ስንንከተከት፣ ከሆሊውድ ሹማምንት ብዙ አንርቅም። በ1938 አንድ የሎስ አንጀለስ ሲኒማ ቤት አሮጌዎቹን «ድራኩላ»ና «ፍራንከንስታይን» ባንድነት ቢያሳይ ሕዝቡ በሰልፍ መንገዱን አጣበበው። በዚህ ምክንያት ኩባንያዎቹ እንደ ገና ወደ አስፈሪ ፊልም ተመለሱ፤ ሉጎሲም በ1939 በ«ፍራንከንስታይን ልጅ» ውስጥ ኢጎር የተባለውን፣ ተሰቅሎ ሳይሞት የቀረውን አንገተ ሰባራ ሰው ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ ምርጡ ይህ ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም።

አሁን ሣቅና ፍርሃት ወደ ተጋቡበት ወደ 1948 እንምጣ። በዚያን ጊዜ አቦትና ኮስቴሎ የተባሉ ሁለት ቀልደኞች፣ አንዱ ቀጭን ተቈጪ፣ ሁለተኛው ወፍራም ፈሪ፣ በአሜሪካ እጅግ የታወቁ ነበሩ። ዩኒቨርሳል ቀልደኞቹን ከራሱ ጭራቆች ጋር ለማገናኘት አሰበና «አቦትና ኮስቴሎ ከፍራንከንስታይን ጋር ተገናኙ» የተባለውን ፊልም አሠራ። ሉጎሲ ዕድሜው ስድሳ አምስት ሲሆን እንደ ገና ድራኩላ ሆኖ ቀረበ። በረጅም ፊልም ድራኩላ ራሱን ሆኖ የተጫወተው በ1931ና በዚህ፣ በጠቅላላው ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ይህ ፊልም ለምን እንደ ያዘ መመርመር ይገባል። ከዚያ በፊት በቀልድ ፊልሞች የሚታየው መንፈስ ብዙውን ጊዜ ኋላ አንሶላ የለበሰ ሌባ ሆኖ ይገኝ ነበር። እዚህ ግን ጭራቆቹ የእውነት ጭራቆች ናቸው። ወፍራሙ ሰው የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ሲነሣ አይቶ ጓደኛውን ለመጥራት ቢሞክር ድምፁ ከጕሮሮው አልወጣ ይለዋል፤ ተመልካቹ በሣቅ ይፈርሳል። በዚህ ሁሉ መካከል ሉጎሲ አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ ብሎ ቀልዱን እንዳወቀ አያሳይም፤ ካባውን እንደ ጥንቱ ይዞ፣ እንደ ጥንቱ እየተራመደ ያልፋል። እርሱም አብሮ ቢቀልድ ኖሮ ወፍራሙ የሚሸሸው ነገር አይኖርም ነበር፤ የሚሸሽ ከሌለም የሚያሳቅ የለም።

ፊልሙ ብዙ ገንዘብ አስገባ፤ ለሉጎሲ ግን በር አልከፈተለትም። በ1951 በብሪታንያ «ድራኩላ»ን በመድረክ እያሳየ ዞረ፤ ጕዞው ኪሳራ ሆነ። በ1952 የወጣው አንዱ ፊልም በርእሱ የራሱን የሉጎሲን ስም ከብሩክሊን ጎሬላ ጋር አጣምሮ የያዘ ነበረ። በዚያን ጊዜ የድሮው የእግርና የወገብ ሕመም ሐኪሞች ባዘዙለት ሞርፊን ሲታገሥ ኖሮ፣ የመድኀኒቱ ባሪያ ሆኖ ነበር። ሁለት ዐሥር ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ፣ የአንድ ልጁ እናት፣ በ1953 ተፋታችው።

በዚህ ጊዜ ያገኘው ሰው ኤድ ውድ ይባላል። ኤድ ውድ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊልም የሚወድ፣ ገንዘብም ሆነ ችሎታ የጐደለው፣ ድፍረት ግን የተረፈው ወጣት ነበረ። በ1955 «የጭራቁ ሙሽራ» በተባለው ፊልም ሉጎሲን ዋና ሰው አደረገው። በዚያ ፊልም ውስጥ ስምንት እግር ያለው የባሕር አውሬ ሰው ሲገድል ይታያል፤ አውሬው ጎማ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ስለሌለ ተበይው ሰው እግሮቹን በገዛ እጁ እየጠመጠመ ይጮኻል። እኛም በአብነቷ ክፍል በዚህ ላይ ቆሎው እስኪበተን ሥቀናል። ነገር ግን በዚያው ፊልም ሉጎሲ ከአገሩ ስለ መሰደዱና ቤት ስለ ማጣቱ የሚናገርበት ቦታ አለ። ያን ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል።

በዚያው ዓመት ሉጎሲ በራሱ ፈቃድ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄዶ ከሱሱ እንዲያድኑት ለመነ። በዚያን ዘመን የታወቀ ተዋናይ እንዲህ ያለውን ነገር ይሸሽግ ነበር እንጂ ለጋዜጠኞች አይገልጥም፤ እርሱ ገለጠው። በነሐሴ ድኖ ወጣና ሆፕ ሊኒንገር የተባለችውን፣ በሆስፒታል ሳለ ደብዳቤ ትጽፍለት የነበረችውን አድናቂውን አምስተኛ ሚስቱ አድርጎ አገባ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1956፣ ሎስ አንጀለስ በቤቱ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። ቤተ ሰቦቹ የድራኩላን ካባ አልብሰው ቀበሩት።

የመልኩና የካባው ነገር በሞቱ አላበቃም። ወራሾቹ በዩኒቨርሳል ላይ ያቀረቡት ክስ በካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1979 ተፈረደባቸው፤ የሟች መልክ ለወራሽ አይተላለፍም ተባለ። በ1994 ደግሞ ቲም በርተን የኤድ ውድን ሕይወት በፊልም ሲያወጣ ሉጎሲን ሆኖ የሠራው ማርቲን ላንዳው ኦስካር ተሸለመ። ሉጎሲ ራሱ በሕይወት ሳለ እንኳን ሊሸለም ለዚያ ሽልማት ታጭቶም አያውቅ።

ኤድ ውድ ግን ከመሞቱ በፊት የቀረጸው ጥቂት ደቂቃ ያለ ድምፅ ፊልም በእጁ ነበረ። በዚያች ላይ «ፕላን ናይን» የተባለውንና ብዙ ሰው ከፊልሞች ሁሉ የከፋ ነው የሚለውን ሥራ ገነባባት። በዚያ ፊልም የጠፈር መርከቦች በክር ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ፤ በአንድ ትርኢት ውስጥ ቀኑ ይመሻል፣ ተመልሶም ይነጋል። የሞተውን ሉጎሲን ለመተካት የኤድ ውድ ሚስት ወጌሻ ተመርጦ ካባ ለበሰ፤ ሰውየው በቁመት ከሉጎሲ የሚበልጥ፣ በመልክም የማይመስለው ስለ ነበረ ፊቱን በካባው ሸፍኖ ይዘዋወራል። እርሱ በታየ ቍጥር የማይስቅ የለም።

እውነተኛው ሉጎሲ የሚታየው ከዚያ በፊት ነው። ሚስቱን ቀብሮ የተመለሰ ሽማግሌ ሆኖ ጥቁር ልብስ ለብሶ ከአንዲት ትንሽ ቤት ይወጣል። በደጁ ካለው ተክል አበባ ያሸታል፤ ፊቱ ይጨልማል። ከዚያም ቀስ ብሎ ከምስሉ ውጭ ይወጣል፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ከማይታየው ወገን የመኪና ፍሬን ድምፅ ይሰማል።