እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከአድዋ ወንዝ እስከ አቃቂ ጎመን ማሳ

ባለፈው ሳምንት አቃቂ ቃሊቲ ወርደን ነበር። ወንዙ ዳር ያሉትን የአትክልት ማሳዎች የአካባቢው ልጆች በደንብ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር። ማናችንም ብንሆን ከዚያ የተቀነጠሰ ጎመን ሳንበላ አልቀረንም። አንድ ወጣት መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አፍና አፍንጫውን በፎጣ ጠቅልሎ ጥቅል ጎመኑ ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። ጓንት የለም፣ መነጽር የለም። ከጎኑ ደግሞ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ መሳይ ቁጥቋጦ አለ፤ ፍሬው ዘለላ ሠርቶ እንደ ትንንሽ ወይን የተንዠረገገ። እንዶድ ነው።

ልጁን ስለ እንዶዱ ጠየቅነው። አያቱ ነጠላ ያጥቡበት እንደነበር ነገረን። ሌላ የሰማው ነገር የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚያ የበለጠ አናውቅም ነበር። ያቺ ፍሬ አንድን ኢትዮጵያዊ ከአድዋ ወንዝ ዳር አንስታ ስቶክሆልም የሽልማት መድረክ ላይ እንዳደረሰችው ብንነግረው ልጁ መርጫውን አውርዶ ቁጭ ብሎ አዳመጠን። እናንተም ቁጭ በሉ፤ ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል።

ሰውየው ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። በ1935 በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ተወለዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ ለማስላት የሚመቻችሁ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።) ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ ሄደው ዶክትሬታቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። ጥናታቸው የሰው አካል ውስጥ ገብተው በሽታ የሚያመጡ ጥገኛ ተሕዋስያን ላይ ነበር። በ1964 አገር ቤት ናቸው፤ ገና ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። የመጀመሪያ ሥራቸው ቢልሃርዚያ ሆነና ወደ አድዋ ሄዱ።

ቢልሃርዚያን የማታውቁት ካላችሁ በአጭሩ እንንገራችሁ። በሽታውን የሚያመጣው ትንሽ ትል ነው። የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው ፍጥረት ግን ቀጥታ ወደ ሰው አይመለስም። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የምትኖር ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። እሷ ሆድ ውስጥ ተባዝቶ ይወጣና የሚዋኝ፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ የቆመ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ከዚያ ዓመታት እየቆጠረ ጉበትንና አንጀትን ይጎዳል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች በሽታው መንገዱ ይቋረጣል ማለት ነው።

ለዚያ ዘመን ባለሙያዎች መፍትሔው ግልጽ ነበር፤ ቀንድ አውጣዋን መግደል። ችግሩ የሚገድላት መድኃኒት ከውጭ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል መሆኑ ነው። የአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚችለው አይደለም፤ ያን ጊዜ ቀርቶ ዛሬም።

ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ቀንድ አውጣ ይሰበስቡ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው፤ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች። ሌላ ቦታ በሕይወት ያሉ ሞልተዋል፣ እዚህ ግን ሞተው ተንሳፈዋል። ቀና ብለው ሲያዩ ከላይ በኩል ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። በሳሙና ሳይሆን በእንዶድ። ደረቁን ፍሬ ወቅጠው ከውሃ ጋር ሲመቱት ነጭ አረፋ ያወጣል። ኦሞ ሳይመጣ በፊት የአገሩ ነጠላና ጋቢ ሁሉ የሚነጣው በሱ ነበር።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያልፍ ነበር ብለን እናስባለን። እሳቸው አላለፉም። በዕቃ ይዘዋቸው ከነበሩት ሕያው ቀንድ አውጣዎች ላይ ከሴቶቹ አንዷ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የዶክተሩ የሕይወት ሥራ የተጀመረው በዚያች ቅጽበት፣ በአንዲት ስሟን ማንም ባልጻፈው ሴት እጅ ነው። ይሄ ሁሌም ያናድደናል። ስሟ ቢጻፍ ምን ነበረበት?

አዲስ አበባ ተመለሱና ላብራቶሪ ገቡ። በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። የደረቀና የተፈጨ የእንዶድ ፍሬ ምን ያህል ሲሆን እንደሚገድል ለኩ። ውጤቱ የሚገርም ነው። በ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 15 ግራም በቂ ነው። እስኪ አስቡት፤ ግቢያችሁ ውስጥ ያለ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ፣ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ በሙሉ ሞተዋል። ደግሞ ከሁለት ቀን በላይ ውሃው ውስጥ አይቆይም፤ በተፈጥሮ ይበሰብስና ኃይሉ ይጠፋል። ዛሬ ኦርጋኒክ እርሻ የሚሠሩ ሰዎች ከአንድ የተባይ መድኃኒት የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው፤ ሥራውን ሠርቶ መጥፋት።

በነገራችን ላይ ቃሉን እናጥራው። ተባይን በተፈጥሮ ጠላቱ ማስበላት፣ ለምሳሌ ጎመን የሚበላውን ትል በጥገኛ ተርብ ማጥቃት፣ ሥነ ሕይወታዊ መከላከል ይባላል። እንዶድ የሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከዕፅዋት የተገኘ መድኃኒት። ኦርጋኒክ ገበሬ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጠቀማል። የመግደል ኃይሉ የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባለው፣ አረፋውንም ከሚያወጣው ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበሩ ኬሚስቶች ነጥለው ካወጧቸው አንዱን በ1970ዎቹ ሲሰይሙት ለማቶክሲን አሉት። ለማ የአባታቸው ስም ነው። የአባትህ ስም በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማ እኛ መገመት አንችልም።

እንዶድ ጉድለት የለውም አንልም። የቀንድ አውጣዋን እንቁላል አይገድልም፤ ስለዚህ እየደጋገሙ መጨመር ያስፈልጋል። ዓሣ ይገድላል። ዱቄቱ ዓይንና አፍንጫን ክፉኛ ያቃጥላል። ዶክተሩና ባልደረቦቻቸውም ይሄን አልደበቁም።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ከተማ ላይ ትልቁ ሙከራ ተካሄደ። አምስት ዓመት ሙሉ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ከሙከራው በፊት ከትንንሾቹ ሕፃናት ግማሾቹ፣ 50 በመቶ፣ ቢልሃርዚያ ነበረባቸው። በመጨረሻው ላይ 7 በመቶ ብቻ ቀሩ። እነዚህ ሕፃናት ናቸው የሚያሳምኑት፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የተወለዱት ወይም ውሃ ውስጥ መግባት የጀመሩት ወንዙ መታከም ከጀመረ በኋላ ነው።

እና ከዚያስ? ዓለም አጨበጨበ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ አይደል? አላጨበጨበም።

የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ገንዘቡና ሥልጣኑ ያላቸው አካላት ጥናቱ ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ ደረጃን በሚያሟላ ቦታ እንደገና ይሠራ አሉ። ለሰውና ለእንስሳ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዜሮ ይፈተሽ። እዚህ ላይ እኛ ሙሉ በሙሉ በነሱ ላይ አንፈርድም። ሰው የሚጠጣው ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መፈተሽ አለበት፤ አያቶቻችን ልብስ አጠቡበት ማለት ለመጠጥ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን ፈትሹ ብሎ ፈተናውን የሚከፍል አለመስጠት ምን ይባላል? ፈተናው ውድ ነው፣ ላብራቶሪው ውጭ አገር ነው፣ ገንዘቡ የለም። ዶክተር አክሊሉ ዋናው ችግር እንዶዱ ሳይሆን አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት መሆኑ እንደሆነ እያደር ገባቸው፤ ይህንኑም በአደባባይ ተናገሩ። አፍሪካ በራሷ ላብራቶሪዎች የራሷን ችግር እንድትፈታ እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። በካናዳ ድጋፍ ደረጃውን የጠበቀው ፍተሻ ተሠርቶ ውጤቱ ሲወጣ 1990ዎቹ ገብተው ነበር። አድዋ ላይ ሙከራው ካለቀ አሥራ አምስት ዓመት አለፈ ማለት ነው።

በዚህ መሃል ብዙ ነገር ተቀየረ። አገር ቤት አብዮት ፈነዳ። እሳቸው በ1976 ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ሥር መሥራት ጀመሩ፤ በኋላም ፍሎረንስ ጣልያን በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። በሌላ በኩል ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን መጣና የቢልሃርዚያ ዘመቻው ሁሉ ቀንድ አውጣን ከመግደል ወደ ክኒን ማደል ዞረ። ክኒኑ ጥሩ ነው፣ ያድናል። ችግሩ የታከመው ልጅ በማግስቱ እዚያው ወንዝ ይመለሳል፤ ቀንድ አውጣዋም እዚያው ትጠብቀዋለች።

እንዶዱን እንደ ሰብል የያዙት ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ። ስማቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ አንዘልለውም። ከአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለው፣ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥና የትኛው ቀንድ አውጣን በትንሽ መጠን እንደሚገድል አወዳደሩ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ዓይነት 44 ነበር። ደግሞ አስቂኙ ነገር ምን መሰላችሁ፤ ተባይ ገዳዩ እንዶድ ራሱ ተባይ አለበት! ግንዱን እየቦረቦረ የሚገባ የዝንብ እጭ። ስለዚህ ዓይነት ሲመረጥ ተባይን የመቋቋም አቅሙም ይታይ ነበር። ገበሬ የሆነ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል።

በ1989 ሁለቱም አንድ ላይ በብዙዎች ዘንድ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስቶክሆልም ላይ ተቀበሉ።

የሚቀጥለው ክፍል በየማኅበራዊ ሚዲያው እንዶዳችን ተሰረቀ እየተባለ የሚዞረው ነው። በ1990 አሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። ከተማው ኢሪ ሐይቅ ዳር ነው። በዚያን ሰሞን ሐይቁን ዜብራ መስል የሚባል፣ ባለ መስመር ቅርፊት ያለው ትንሽ ፍጥረት ወርሮት ነበር። ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ተሳፍሮ መጥቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍናል። የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። እንዶድ ሞከሩበት፤ ሠራ። ዩኒቨርሲቲው የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ።

ሙሉውን እውነት እንናገር። በዚያ ምዝገባ ላይ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆኖ የዶክተር አክሊሉ ስም አለ። ሌባ በሌሊት ገብቶ የወሰደው አይደለም። የመብቱ ባለቤት የሆነው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የአድዋ ልብስ አጣቢዎች ወረቀቱ ላይ የሉም፤ ኢትዮጵያም የለችም። የባህል እውቀት የማን ነው የሚለው ክርክር በዓለም ላይ ሲነሳ እስከ ዛሬ እንዶድ በምሳሌነት ይጠቀሳል። እኛን ከዚህ በላይ የሚቆጨን ሌላ ነው። የቶሌዶው መብት የአሜሪካ ሐይቅ ውስጥ ያለ ፍጥረትን የሚመለከት ነው። አድዋ፣ ወንጂ ወይም አቃቂ ላይ እንዶድ ተክለን እንዳንጠቀም የከለከለን ማንም አልነበረም። አልተከልንም እንጂ።

ዶክተር አክሊሉ በመጨረሻ ወደተማሩበት ጆንስ ሆፕኪንስ ተመልሰው አስተማሩ። ሚያዝያ 5 ቀን 1997 (በፈረንጅ) በ61 ዓመታቸው አረፉ። ያቋቋሙት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከኛ መሃል ዲግሪ ያለው የለም፤ ግን በዚያ በር ስናልፍ አሁን ስሙን ቆም ብለን እናነባለን።

ወደ ልጁ እንመለስ። የአቃቂ ውሃ ከቃሊቲ በታች አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ፣ ከቆቃ በታች የወንጂን የሸንኮራ መስኖ ያጠጣል። ወንጂ ቢልሃርዚያ ለረጅም ዘመን ሲጠና የኖረበት ቦታ ነው። እዚህ ከመርጫው የሚንጠባጠበው ነገር ቁልቁል የት ሊደርስ እንደሚችል ስንነግረው ዝም አለ። ቀጥሎ የጠየቀን ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነበር፤ እንዶዱ የጎመኑን ትል ይገድላል ወይ? የዶክተሩ ሙከራ ለቀንድ አውጣ ነው፤ እኛም ለጎመኑ ትል የሚሆን መመሪያ ይዘን አልሄድንም፣ ይህንኑ ነገርነው። ቢሆንም ፍሬው ሲበስል ለዘር አስቀምጣለሁ አለን።

ማሳሰቢያ፦ ይሄን አንብባችሁ እንዶድ ወቅጣችሁ ወንዝ ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ዓሣውን ትጨርሱታላችሁ። ስትወቅጡም ዓይንና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ፍሬውን ደግሞ በፍጹም ለመድኃኒት ብላችሁ እንዳትውጡ፤ በእንዶድ የሞተ ሰው አለ። ቤታችሁ አያት ካሉ ግን ዛሬ ማታ ጠይቋቸው፤ በእንዶድ እንዴት ያጥቡ እንደነበር ኮመንት ላይ ጻፉልን። የአያታችሁን ስም ጨምራችሁ።