ብሩስ ሊ እና ያላለቀው ፊልሙ

በኢትዮጵያ ከተሞች በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ የካራቴ ፊልም ላየ ትውልድ፣ ብሩስ ሊ እንግዳ ስም አይደለም። ይሁንና በመሪ ተዋናይነት ሠርቶ የጨረሳቸው የኩንግ ፉ ፊልሞች አራት ብቻ መሆናቸው ብዙዎችን ያስገርማል።

የተወለደው አባቱ በኦፔራ ተዋናይነት በአሜሪካ እየተዘዋወረ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ያደገው ግን በሆንግ ኮንግ ነበር፤ በዚያም ከመምህር ኢፕ ማን ዊንግ ቹን የተባለውን ስልት ተማረ። በ1959 ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሲያትል በምግብ ቤት እያገለገለ ትምህርቱን ቀጠለ። ጥበቡን ዘር ሳይለይ አስተማረ፤ የመጀመሪያ ተማሪው ጥቁር አሜሪካዊው ጄሲ ግሎቨር ነበር።

በ1970 ጀርባው ላይ በደረሰበት ጉዳት ለወራት ከአልጋ ዋለ። በማግስቱ ዓመት ግን «ዘ ቢግ ቦስ» የተሰኘው ፊልም በሆንግ ኮንግ የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። ይኸው ፊልም በአሜሪካ የታየው «ፊስትስ ኦፍ ፉሪ» ተብሎ ነው፤ ቀጥሎ የወጣው «ፊስት ኦፍ ፉሪ» ደግሞ ሌላ ስም ተሰጠው። ስለዚህም የድሮ ፖስተር የሚሰበስብ ሰው ርዕሱን ብቻ አምኖ አይገዛም።

ሰብሳቢዎችን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው «ጌም ኦፍ ዴዝ» ነው። ብሩስ ሊ በ1972 ቀረጻውን ጀምሮ፣ 2 ሜትር ከ18 ከሚረዝመው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከሪም አብዱል ጀባር ጋር የተፋለመበትን ክፍል ቀረጸ (ይህ ቁመት በጋምቤላ ያን ያህል ላያስደንቅ ይችላል)። ሥራውን አቋርጦ «ኢንተር ዘ ድራገን»ን ለመሥራት ሄደ፤ ይህ ፊልም ለእይታ ሳይበቃ ጁላይ 20 ቀን 1973 በአንጎል እብጠት በ32 ዓመቱ አረፈ።

በ1978 ሌሎች ሰዎች በምትኩ እየተወኑ «ጌም ኦፍ ዴዝ» ተጠናቀቀ። እውነተኛው የቀብሩ ምስል ሳይቀር ለታሪኩ ማሟያ ገባ፤ ይህ ለሟች ክብር የሚመጥን አልነበረም። ራሱ የቀረጸው ከ30 ደቂቃ በላይ የሚሆን ፍልሚያ በሰፊው የታየው በ2000 ነው።

ዛሬ ፊልሞቹ በዲጂታል ታድሰው ይገኛሉ። ሰብሳቢዎች ግን የዘመኑን ፖስተርና የቪኤችኤስ ካሴት ይመርጣሉ። እንደ ጋምቤላ ባለ ሞቃትና ዝናባማ ቆላ ካሴት ቶሎ ይሻግታል፤ ያለው ሰው ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቆ፣ አቁሞ ማስቀመጥ ይኖርበታል።