የአውሮፕላንን ጩኸት የመረመሩ ሊቅ

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሰር ጄምስ ላይትሂል በአውሮጳ አቈጣጠር በ1924 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጄት አውሮፕላን በበዛ ጊዜ ጩኸቱ ሕዝቡን ዕረፍት ነሣው፤ የጩኸቱን ምንጭ ግን በሒሳብ አጥርቶ ያስረዳ አልነበረም።

እርሳቸው በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳሉ በ1952 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ድምፁ የሚወለደው ከሞተሩ ብረት መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን፥ በኃይል የሚወጣው አየር በውጭ ካለው ጸጥተኛ አየር ጋራ ሲታወክ መሆኑን ገለጡ። የሚወጣው አየር ፍጥነት እጥፍ ቢሆን፥ የድምፁ ኃይል 256 እጥፍ እንደሚሆን በስሌት አሳዩ። ስለዚህ ፍጥነቱን ጥቂት መቀነስ ጩኸቱን እጅግ ያስታግሣል። በኋላ ዘመን የመጡት ሰፊ ማራገቢያ ያላቸው ሞተሮችም ብዙ አየር በዝግታ ስለሚገፉ ጩኸታቸው ያነሰ ሆኗል።

ሰር ጄምስ በ1973 ዓ.ም. በዋና የዞሩትን የሳርክን ደሴት እንደገና ሲዞሩ፥ በ1998 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው በባሕሩ ውስጥ ዐረፉ። ሕዝብን የሚያውክ ነገር ለማስታገሥ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ምንጩን መመርመር እንደሚገባው ሥራቸው ያስተምራል።